ሳይገፏት የወጣችው ግሌንዳ

ግሌንዳ አስፒናል ቤቷን ለቅቃ በወጣች ዕለት መስኮቶቹን በአቼቶ ስትወለውል ነው የደረስኩባት። ወንበር ላይ ቆማ የላይኛውን መስታወት በጋዜጣ እያሸች ነበር። ዕቃዋ ሁሉ በካርቶን ታሽጎ በረንዳው ላይ ተደርድሯል፣ ሰማዩም ሊዘንብ ነው።

«ግሌንዳ፣ ቤቱ ተሸጧል እኮ» አልኳት። «ለማን ነው የምታሳምሪው?»

«ለሚገቡት ሰዎች ነዋ።» ዞር ብላም አላየችኝ። «በቆሸሸ መስታወት ልቀበላቸው?»

ወደ ውስጥ ስገባ ደግሞ የባሰ ነገር ጠበቀኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ወተት አስቀምጣለች። ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ቅጠል፣ ስኳርና ብስኩት አሰናድታለች፤ ከጎኑ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ወደ ግራ ካልገፉት እንደማይዘጋ የሚናገር ካርድ አለ። በምንኖርበት በሉም ጎዳና ላይ ቤት የሚለቅ ሰው ለሚገባው ሻይ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን እኔ ሳደርገው የምሄድበት ቤት ይኖረኛል። ግሌንዳ የምትሄድበት አልነበራትም። ሌባ ሊገባ ነው ቢሏት የሻይ ውሃ ጥዳ የምትጠብቅ ሴት ናት።

እሷና እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ፊት ለፊት ኖረናል። ባሏ ከሞተ ቆየ፣ ልጅ የላትም፤ ስድሳዎቹን ጀምራለች። በመንገዳችን ጫፍ ባለው ትምህርት ቤት ምሳ ሠርታ የምታቀርበው እሷ ናት። የከተማችን የሃርትዌይት ግማሽ ሕዝብ ከእጇ ድንች በልቶ ነው ያደገው ብል ማጋነን አይደለም። የኔም ሁለቱ ልጆች ይኸው ወፍረው ይታያሉ።

ቤቱ የኪራይ ነበር። አከራይዋ ኔቪል የሚባል፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ወደ ጫማው የሚያይ ሰው ነው። ቤቱን ከአባቱ ወርሶ ኪራዩንም ሳይጨምርባት ኖሯል። በዚያ ዓመት ግን እናቱ አእምሮዋን እየሳተች መጣችና የአረጋውያን መጦሪያ ገባች፣ የመጦሪያው ክፍያም ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ኔቪል ቤቱን ለመሸጥ ተገደደ። የማስለቀቂያ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ቀን ሶፋዋ ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው እሱ ነው፣ ያጽናናችው እሷ። ሻይ አፈላችለት። «አይዞህ፣ ጥቅምት ሲያልቅ እወጣልሃለሁ፣ ቃሌ ነው» አለችው።

ልብ በሉ፣ ዝም ብላም አልተቀመጠችም። አስቀድማ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ጠይቃለች። እዚያ ኪርስቲ የምትባል ወጣት አስተናገደቻትና አንድ ነገር አጥብቃ ነገረቻት፦ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ቢያልፍም እንዳትወጪ። ቁጭ በይ። እሱ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ ዳኛው ይፍረድ፣ ከዚያ የፍርድ አስፈጻሚዎቹ በርሽ ላይ ሲመጡ ያኔ እኛ ጋ ነይ። ከዚያ በፊት ከወጣሽ ግን ራስሽ ነሽ ያደረግሽው ልንልሽ እንችላለን።

ግሌንዳ ልጅቷን አመሰገነቻት፣ የጥፍር ቀለምሽ ያምራል አለቻት፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጥቅምት ሲያልቅ መስኮቷን ወልውላ ወጣች።

የመጀመሪያውን ሌሊት እኛ ሶፋ ላይ አደረች። የኛ ሶፋ ለሰው የሚሆን አይደለም፤ ባሌ ክላይቭ ራሱ ሲጣላኝ እንኳ እዚያ ላይ አይተኛም። በነጋታው ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይዋን እስኪያጣራ ድረስ በሚቀጥለው ከተማ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ባለ አሮጌ ፔንሲዮን ውስጥ አንድ ክፍል ሰጣት። ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ ሁለት አውቶቡስ ነው። በጨለማ ተነሥታ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች፤ አንድም ቀን ድንቹ ዘግይቶ አያውቅም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ውሳኔው መጣ። ግሌንዳ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ እኔ ወደምሠራበት ላውንደሪ ገባችና ፖስታውን ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እኔ የሰው አንሶላ እያጠፍኩ ነበር።

«አንብቢልኝ። መነጽሬን አልያዝኩም» አለች።

መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ፖስታውን ከፍቼ አነበብኩት። አመልካቿ በቤቱ ለመቆየት እየቻሉ፣ መቆየትም እንደሚችሉ በግልጽ ተነግሯቸው ሳለ ለቅቀው ስለወጡ፣ ሆን ብለው ራሳቸውን ቤት አልባ እንዳደረጉ ተቆጥሯል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ቤት የመስጠት ግዴታ የለበትም። የፔንሲዮኑንም ክፍል ከገና በኋላ ይለቅቃሉ።

ማታ ለክላይቭ ስነግረው ሹካውን ጣለ። «ቆይ፣ ሳይጎትቷት ስለወጣች ነው የሚቀጧት? በፀጉሯ ጎትተው ቢያወጧት ሊሸልሟት ነበር?»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው» አልኩ።

«እኔ ምን አልኩ? ሰው ደግ ሲሆን ዝም ብሎ አይታይም፣ ይመዘገብበታል።»

እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ግሌንዳ ግን አልተናደደችም፣ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ። «ተይው ሎሬን» ትለኛለች፣ «ከኔ የባሰ ያለበት ሰው ሞልቷል። ፔንሲዮኑ ውስጥ እኮ ከሕፃን ጋር የተቀመጡ አሉ። ለነሱ ይስጧቸው።» የአንድ ቀን መንገድ የምትርቅ የአክስት ልጅ አለቻት፣ እዚያ መጋዘን በሚመስል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ልትገባ አስባለች። ያ ማለት ትምህርት ቤቱን መተው ነው፣ ሉም ጎዳናን መተው ነው፣ እኛንም ጭምር። ስለ ራሷ ደግሞ እንደዚህ ስታወራ ስለጠፋች የሌላ ሰው ድመት የምታወራ ነው የሚመስላችሁ።

ያነሣሣት አንድ ቃል ነው። በማግሥቱ እዚያው ላውንደሪ መጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ «ሆን ብለው ይላል» አለችኝ።

«ይላል።»

«እኔ ሆን ብዬ ድንች እልጣለሁ። ሆን ብዬ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ሆን ብዬ ቤት አላጣም።» ፊቷ እሳት መስሏል። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። «ስሜ በዚህ ቃል አጠገብ ተጽፎ እዚያ ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

«እንግዲያው ተነሺ!» አልኳትና የታጠፈውን አንሶላ ጥዬ ሽርጤን ፈታሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጥ ሩክሳና የምትባል ሴት አለች። ስትናገር ፈጣን ናት፣ አንድ ጊዜ ካመለጣችሁ አለፋችሁ ማለት ነው። ውሳኔውን በአንድ ትንፋሽ አነበበችውና ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ሦስት ሳምንት አለዎት። እንደገና ይታይልኝ ብለው መጠየቅ ይችላሉ። የሚያየው ደግሞ መጀመሪያ የወሰነችው ሳትሆን ከሷ በላይ ያለ ሌላ ሰው ነው።»

«ምን ልለው ነው?» አለች ግሌንዳ።

«ጥያቄው መቆየት ይችሉ ነበር ወይ አይደለም፤ ይችሉ ነበር። ጥያቄው እዚያ እንዲቆዩ መጠበቅ ተገቢ ነበር ወይ ነው። መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቶች የሰጠው መመሪያ አለ። አከራዩ ፍርድ ቤት መሄዱ የማይቀር ከሆነ፣ ተከራዩም የሚከራከርበት ነገር ከሌለው፣ አስፈጻሚ በሩ ላይ እስኪቆም ተቀመጥ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ አይደለም ይላል። ማመልከቻውን እኔ እጽፈዋለሁ። ፊት ለፊት ልናገር ብለውም እንጠይቃለን። በዚያ ቀን እኔ ፍርድ ቤት ከሆንኩ ግን ብቻዎን ነዎት።»

«ብቻዋን አይደለችም» አልኩ።

ሩክሳና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እርስዎ ይሂዱ፣ ግን አይናገሩ።»

ገና አሥር ደቂቃ እንኳ ሳያውቀኝ ሰው እንዴት እንዲህ ይረዳኛል ብዬ ተገረምኩ።

ቀጠሮው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሆነ። ሩክሳና እንዳለችውም የዚያን ቀን ፍርድ ቤት ነበረች። ስለዚህ ከዋዜማው ማድ ቤታችን ውስጥ ልምምድ አደረግን። ክላይቭ የኔን የማንበቢያ መነጽር አፍንጫው ላይ አድርጎ ባለሥልጣን ሆነ። የአውቶቡስ መካኒክ ነው፣ የጥፍሩ ጥቁረት ባለሥልጣን አያስመስለውም፤ ድምፁን ግን አወፍሮታል።

«ወይዘሮ አስፒናል፣ የሚኖሩበት ክፍል እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ግሌንዳ!» አልኩ።

«ምን አልኩ?»

«ግድግዳው ሻግቷል አላልሽኝም?»

«ሻግቷል። ግን ከአልጋዬ በወዲያኛው በኩል ነው።»

ክላይቭ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸ፣ መልሶ አደረገ። «እሺ፣ ጤናዎስ?»

«ምንም አልልም።»

«ሳልሽን ታዲያ ማን ነው የሚስለው?» አልኳት። «ከጎረቤት ተውሰሽ ነው?»

«ሎሬን፣ ሰውዬው እኮ ስለ ሳሌ ለመስማት አይደለም ደመወዝ የሚከፈለው።»

«ለሱ ነው እንጂ! ልክ ለሱ ነው!»

እንደዚህ ስንባባል ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ክላይቭ ወንበሩን ጠጋ አደረገና ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ። «ወይዘሮ አስፒናል፣ መቆየት እንደሚችሉ ተነግሮዎት ሳለ ለምን ወጡ?»

«ቃሌን ስለሰጠሁ።»

«አይሆንም፣ አይሆንም።» የባለሥልጣኑን ድምፅ ተወው። «ስሚኝ እህቴ። አላወቅሁም በይ። የነገረችኝ አልገባኝም፣ በፍጥነት ነው ያወራችው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ካለፈ ፖሊስ የሚመጣ መስሎኝ ነበር በይ። ሥራ ቦታችን አንዱ እንደዚያ ብሎ ነው የተረፈው። ሳያውቅ የወጣ ሰው ሆን ብሎ ወጣ አይባልም፣ ሕጉ ራሱ ይላል።»

ግሌንዳ ስኒዋን በሁለት እጇ ያዘች። «ግን አውቅ ነበር።»

«ማን ያያል?»

«ኪርስቲ ታያለች። ቁጭ አድርጋ ሁለት ጊዜ ነው ያስረዳችኝ። አልገባኝም ብል ልጅቷ ሥራዋን አልሠራችም ማለት አይደለም? አለቃዋ ይጠይቃታል። ለኔ ክፍል ተብሎ የሰው ልጅ እንጀራ ልነካ?»

«የሚጥሉሽ እነሱ ናቸው እኮ! ከገና በኋላ የት ነው የምታድሪው?»

«አላውቅም ክላይቭ» አለች። ድምጿ ቀጠነ። «እሱን በእውነት አላውቅም። ግን አላውቅም የምለው የማላውቀውን ነው።»

ክላይቭ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። እኔ ከማን ጋር እንደነበርኩ ብትጠይቁኝ ከክላይቭ ጋር ነበርኩ። ወደ ቤቷ፣ ይቅርታ፣ ወደ ፔንሲዮኗ ልሸኛት አውቶቡሱ ድረስ ስሄድ መንገድ ሙሉ ለምኛታለሁ። «ትንሽ ብቻ ዋሺ» አልኳት፣ «የቁንጣሪ ቁንጣሪ።» እጄን መታ መታ አድርጋ ተሳፈረች።

ጉዳዩን እንደገና ያየልን ሰው አቶ ፔምበርተን ይባላል። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው። መስኮቱ የማይከፈት፣ ማሞቂያው የማይጠፋ ክፍል ውስጥ አስቀመጠን። ካፖርቴን አውልቄ እንኳ ላቤ ይወርዳል።

«ወይዘሮ አስፒናል፣ እንዴት ነዎት? ክፍሉ እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ አንተስ?»

ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት።

«ሎሬን፣ እግሬን ረገጥሽው እኮ» አለች ጮክ ብላ።

ሰውየው ወደኔ አየ። እኔ ወደ ማሞቂያው አየሁ።

«ይስላሉ እንዴ?» አላት፣ ሳሉ ሲደጋግማት አይቶ።

«ያልፋል።»

እስክሪብቶውን አነሣ። «እሺ። ባልደረባዬ በቤቱ መቆየት እንደሚችሉ ነግሬያቸዋለሁ ትላለች። ይህን አልነገረችኝም ወይም አልተረዳሁም የሚሉት ነገር አለ?»

በሩ ተከፍቶላታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት፤ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ በልቤ እየገፋኋት ነው።

«የለም» አለች ግሌንዳ። «ልጅቷ በጣም በግልጽ ነው የነገረችኝ። ሁለት ጊዜ። በሷ ላይ ምንም እንዳትጽፍባት አደራ።»

«እንግዲያው ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ጻፈ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። በቃ አልኩ፣ አለቀላት፣ ለክላይቭ ምን እላለሁ፣ ያንን ሶፋ አውጥተን ጥለን ደህና አልጋ ማስገባት አለብን ብዬ ቤቴን በሐሳቤ እለካ ጀመር።

«ካወቁ ታዲያ» አለ ሰውየው፣ «ለምን ወጡ?»

ግሌንዳ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «መጠየቅ አይፈቀድልኝ ይሆናል፣ ግን ልጠይቅህ። አስፈጻሚዎቹ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ብዙውን ጊዜ... ጠዋት ነው።»

«ጠዋት። የኔ በር ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ያለው። ጠዋት ልጆቹ ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፉት። አልጋዬ መንገድ ላይ ተጥሎ፣ እኔ በሌሊት ልብሴ ከሁለት ወንዶች መካከል ቆሜ ያዩኛል። ከዚያ በምሳ ሰዓት እነዚያው ልጆች ሳህናቸውን ይዘው ፊቴ ይሰለፋሉ። እነሱ ምንም አይሉኝም ነበር። ጥሩ ልጆች ናቸው። ዝም ብለው ያዩኝ ነበር፣ እሱ ነው።»

አቶ ፔምበርተን አልጻፈም።

«ደግሞ ኔቪል አለ። ቤቱ የሱ ነው። እናቱ መጦሪያ ገብታ ነው የሸጠው፣ ሊጎዳኝ አይደለም። ካልወጣሽ ፍርድ ቤት መሄዴ ነው፣ ምርጫ የለኝም ብሎኛል፣ እያለቀሰ። የፍርድ ቤቱ ወጪ ደግሞ ዞሮ በኔው ላይ ነው የሚመጣው።»

«መሄዱ አይቀርም ነበር?»

«አይቀርም።»

«እርስዎ ዳኛው ፊት የሚከራከሩበት ነገር ነበረዎት?»

«ምን ብዬ? ቤቱን ወድጄዋለሁ ብዬ?»

ሰውየው ሊስቅ ብሎ ተወው። ወረቀቶቹን ገለበጠ። «ይህ ሁሉ እዚህ የለም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ስለ አከራዩ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ። መጀመሪያ ሲመጡ ለምን አልተናገሩም?»

«የጠየቀኝ የለማ። ከኋላዬ ደግሞ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር። ላቆማቸው?»

ከዚያ ግሌንዳ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «አየህ የኔ ልጅ፣ ያቺ ልጅ የነገረችኝን ሰምቻለሁ አልኩህ። የሰማሁት ግን ይህን ነው፦ እንድንረዳሽ መጀመሪያ ሰው አንጠልጥሎ ያውጣሽ። የማይቀር ነገር ሲሆን በእግሬ ወጣሁ። አንጠልጥለው ያወጡትን ሰው ቸገረው ትላላችሁ፣ በእግሩ የወጣውን ሆን ብሎ ነው ትላላችሁ። እኔ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ክፍሉን ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ያንን ቃል ግን አንሡልኝ።»

«ክፍሉንም አይውሰዱ!» አልኩ።

ሩክሳና እንዳልናገር ነግራኝ ነበር። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ተመዝግቧል» አለ አቶ ፔምበርተን።

ከዚያ ክፍል ወጥተን ደረጃውን ወረድን። ግሌንዳ ደረጃው ግርጌ ያለችውን የጥበቃ ሠራተኛ ልጇ ፈተና እንዴት እንደሆነለት ጠየቀቻት፤ ድሮ ምሳ ትሰጠው የነበረ ልጅ ነው። እኔ እውጭ ዝናቡ ላይ ቆሜ ተናድጃለሁ፣ ኮርቻለሁ፣ ርቦኛል፣ የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ማታ ለክላይቭ ነገርኩት። «አውቅ ነበር አለችው?» አለኝ።

«አውቅ ነበር አለችው።»

«ዓይኑን እያየች?»

«ዓይኑን እያየች።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ሳሎን ሄዶ ያንን ሶፋ ይለካ ጀመር።

መልሱ የመጣው ትምህርት ቤቱ ለገና ከመዘጋቱ በፊት ባለው ዓርብ ነው። ግሌንዳ ሥራ ላይ ስልክ ስለማትይዝ ሩክሳና ላውንደሪ ደወለችልኝ። እንደ ልማዷ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ውሳኔው ተሽሯል። ያውቁ እንደነበር፣ አስበውበት እንደወጡ፣ ሆኖም በዚያ ሁኔታ ቆዩ ብሎ መጠበቅ ተገቢ እንዳልነበር ተጽፏል። ማዘጋጃ ቤቱ ቤት ሊፈልግላቸው ግዴታ አለበት፣ እስከዚያ ክፍሉን አይለቅቁም።

«ክላይቭ አላወቅሁም በይ ብሏት ነበር እኮ» አልኳት፤ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም።

«እንኳን አልሰማችው» አለች ሩክሳና። «ኪርስቲ የነገረቻትን ሁሉ ቃል በቃል መዝግባለች። አላወቅሁም ብትል ኖሮ ያ ውሸት እዚያው ይያዝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስለ ኔቪልም ሆነ ስለ ልጆቹ የተናገረችውን ማን ያምናታል? አሁን ልዘጋው ነው፣ ሰው አለብኝ።»

የሰው ልብስ ማሽኑ ውስጥ እየዞረ ጥዬው ሮጥኩ። ሽርጤን እንኳ አልፈታሁም። ትምህርት ቤቱ ስደርስ የምሳ ሰዓት ነው፣ አዳራሹ በጫጫታ ሊፈነዳ ነው። ዓርብ ስለሆነ የተጠበሰ ዓሣ፣ ድንችና አተር ነው። ግሌንዳ ከምግብ መስጫው ኋላ ጭልፋዋን ይዛ ቆማለች፣ ልጆቹ እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈዋል። ሰልፉን ጥሼ ፊት ስሄድ አንዲት ትንሽ ልጅ «ተራ አለ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ግሌንዳ፣ ሽረውታል!»

«ምን?»

«ሽረውታል! ቤት ይፈልጉልሻል! ክፍሉንም አትለቅቂም!»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። «ቃሉስ?»

«አንሥተውታል።»

«በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ። ሩክሳና አንብባልኛለች።»

ግሌንዳ ወደ ሳህኖቹ አጎነበሰች። አንድ ሳህን አነሣች፣ ዓሣ አደረገችበት፣ ድንች አደረገችበት፣ አተሩን ስትጨልፍ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ያንን እጅ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ አንዲት ፍሬ አተር ሲጥል አላየሁም። ለዚያች ለጮኸችብኝ ልጅ ሳህኑን ሰጠቻት፣ ሌላ ድንችም ጨመረችላት። ቀጣዩ ልጅ መጣ። ከዚያ የሚቀጥለው። ሰልፉ እስኪያልቅ ስትጨልፍ ቆየች። እኔም እዚያው ጥግ ላይ በሽርጤ ቆሜ ጠበቅኳት። መጨረሻ ላይ ጭልፋዋን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገባችና በሩን መለሰችው። ተከትያት ልገባ ብዬ ተውኩት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

ቤቱ ወዲያው አልተገኘም፣ እንደዚህ ያለ ነገር ወዲያው አይገኝም። የብርዱን ወራት ሙሉ በዚያ ፔንሲዮን ስትስል ከረመች፣ በዚያ አውቶቡስ ስትመላለስ ከረመች። መጋቢት ላይ ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ሰፈር ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍልና አንድ ሳሎን ሰጧት። የሳሎኑ መስኮት የመኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው። ግሌንዳ ግን ከመኪናዎቹ ኋላ ዛፍ አለ ብላ ታሳየናለች፤ አንገታችሁን ካጠማዘዛችሁ እውነትም አለ።

የገባች ዕለት ዕቃውን ክላይቭ በጓደኛው መኪና አመጣው። ኔቪል ሳይቀር መጥቶ ካርቶን ተሸክሟል፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቋል፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥታዋለች። እኔ አልጋውን አነጠፍኩ። ክላይቭ መደርደሪያ ሲሰቅል ግድግዳውን በሁለት ቦታ በሳው፣ አንደኛው ሳያስፈልግ ነው። ሁላችንም እዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ እንተራመሳለን፣ እኔ መጋረጃው እንዴት መሰቀል እንዳለበት እየተናገርኩ ነው፣ ክላይቭ ሶፋ እናምጣልሽ እያለ ነው፣ የትኛውን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ግሌንዳ መካከላችን ላይ ቆመች። «ሂዱ አሁን» አለች።

«መጋረጃው...»

«ሎሬን፣ የኔ ቆንጆ፣ ሂጂ። ነገ ትመጫለሽ። ዛሬ ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።»

ሦስታችንንም ወደ ኮሪደሩ አስወጣችን። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ቁልፉ ሲዞር ሰማን፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ተመልሶ ሲከፈት፣ ከዚያ እንደገና ሲቆለፍ።

«ካቻቢቴዬን ውስጥ ረሳሁት» አለ ክላይቭ፣ ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ።

ክንዱን ይዤ ወደ ደረጃው ጎተትኩት።